ግንቡን ያፈረሰው ግንበኛ

ያችን ትንሽ መንደር ዙሪያዋን የከበባትን የድንጋይ አጥር የሠሩት የኚህ ሽማግሌ ግንበኛ አባት ነበሩ። ልጅየውም ክረምት የናደውን በበጋ እየጠገኑ፣ በአጥሩ እየኮሩ አረጁ። የሠሩት ግድግዳ ፀጉር ታህል ስለማያዘምም፣ ቃላቸውም ስለማይዛነፍ መንደርተኛው «ጋሽ ቱንቢ» ይላቸዋል። ቱንቢ ግንበኛ የግድግዳውን ቀጥታ የሚያይበት፣ በክር የሚንጠለጠል ብረት ነው። የእርሳቸው ከአባታቸው የወረሱት የናስ ቱንቢ ነበር፤ ማዋስ ቀርቶ ሲነኩባቸውም አይወዱም። ቤታቸው ግን አንድ ክፍልና አንዲት ጓዳ ብቻ! በመንደሯ ደንብ ከአጥሩ ውጭ ቤት መሥራት ክልክል ነው፤ ከአጥሩ ውስጥ ደግሞ በርሜል የሚያስቀምጥ ባዶ ቦታ እንኳ አልነበረም።

አንድ በጋ አንድያ ልጃቸው፣ እሱም ግንበኛ፣ ሚስት አገባ። የት ይግባ? ወደ መንደሩ ስብሰባ ሄዶ «አጥሩ በር ይከፈትለትና ማዶ ካለው ሜዳ ላይ አዲስ ቤቶች ይሠሩ» ሲል ጠየቀ። አባት ብድግ አሉ። «አባቴ የደረደረውን ድንጋይ በቁሜ አላስነካም!» ጋሽ ቱንቢ ከተናገሩ በኋላ ማን ደፍሮ እጁን ያወጣል? ሐሳቡ ወደቀ። ልጅ በማግስቱ ሙሽራይቱን ይዞ ወደ ከተማ ሄደ። በዚያው ዕለት የናሱ ቱንቢ ከተሰቀለበት ታጣ።

«ሰርቆኝ ሄደ!» አሉ ሽማግሌው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የልጃቸው ስም በቤቱ እንዳይነሣ ከለከሉ። ሚስታቸው የሆነ ነገር ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት።

መከራ አንዴ በሩን ካወቀው ማን ይመልሰዋል? ወጣቱ ሁሉ ቤት መሥሪያ እያጣ ከመንደሯ ወጣ። ልጅ የሚወልድ ጠፋና ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። የሽማግሌው ደረት የድንጋይ አቧራ ጠጥቶ ጠጥቶ ያፏጭ ጀመር። ከዚያ... ያ ክፉ መርዶ መጣ። ልጃቸው ከአራተኛ ፎቅ ርብራብ ላይ ወድቆ ሞተ! ለሰው ፎቅ ሲደረድር ኖሮ የእኔ የሚለው ጣሪያ ሳይኖረው! እናት ወለሉ ላይ ተንከባለሉ። አባት ግን እንባ አልወጣቸውም። ወደ አጥሩ ሄደው አንዲት የተነቃነቀች ድንጋይ ሲያስተካክሉ ዋሉ።

ዓመቱ ሲዞር ያው ጥያቄ እንደገና ተነሣ፤ ከአጥሩ ማዶ ቤት ይሠራ ወይስ አይሠራ? ስብሰባው በተዘጋው ትምህርት ቤት ውስጥ ሆነ። ሽማግሌዎቹ በልጆች ዴስክ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀመጡ። እጅ ሲቆጠር ሠላሳ አንድ ለሠላሳ አንድ ሆነና የሁሉም ዓይን ገና እጃቸውን ባላወጡት በጋሽ ቱንቢ ላይ አረፈ። ይህን ጊዜ በሩ ተከፈተ። ጥቁር የለበሰች ሴት ትንሽ ሴት ልጇን እየመራች ገባች። የሟች ሚስት ነበረች፤ ከኪራይ ቤቷ «ውጪ!» ተብላ የቀራት መሄጃ ይኸው ነው። በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ሽማግሌው ፊት አስቀመጠች።

«አባባ፣ ይኼ የእርስዎ ነው። ልመልስ ብዬ ነው።»

ቱንቢው ነበር! ሽማግሌው «የሰረቀኝን...» ሲሉ ሚስታቸው ከኋላ ተነሡ።

«እኔ ነኝ የሰጠሁት! ልጄ ባዶ እጁን አይውጣ ብዬ ሻንጣው ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ! ሌባ ስትለው ዝም አልኩ... ፈራሁህ፣ አንተ ሰው! አሥር ዓመት ሙሉ ፈራሁህ!»

ምራቲቱ ቱንቢውን ወደ እርሳቸው ገፋ አደረገች። «ግድግዳ በጨረሰ ቁጥር ይህን አውርዶ ‹አባቴ ቢያየው ምን ይል ይሆን?› ይል ነበር። ለልጁም ‹አያትሽ እንደሚጠብቀው ያለ አጥር የትም አገር የለም› እያለ ነው ያሳደጋት።»

ወይ ኩራት! ለካ በኩራታቸው የገፉት ልጅ በእርሳቸው ሲኮራ ነው የኖረው! ሽማግሌው ናሱን ደረታቸው ላይ አጣብቀው ተንሰቀሰቁ። ከዚያ ያቺን የተሰነጣጠቀች ቀኝ እጃቸውን ከሁሉ በላይ ከፍ አደረጉ።

«ይሠራ! ነገር ግን የመጀመሪያዋን ድንጋይ የማወርደው እኔ ነኝ። እናንተ ከነካችሁት አጥሬን ታበላሹብኛላችሁ!»

አዳራሹ እያለቀሰ ሳቀ።

አባታቸው የደረደሩትን ድንጋይ አንድ በአንድ አወረዱ፤ በዚያው ድንጋይ ማዶ ሜዳው ላይ ለምራታቸው ቤት ጀመሩ። «ይረፉ» ሲሏቸው «ነገ» እያሉ፣ እየሳሉ ገነቡ። ግድግዳው ባለቀበት ቀን መሰላል መውጣት ስላቃታቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ምራቲቱን አወጧት። ከጫፍ ላይ ቱንቢውን ለቀቀችው።

«ምን ይላል?»

«ቀጥ ብሏል፣ አባባ።»

ሽማግሌው ግድግዳውን ከታች እስከ ላይ አዩት። «ልጄ ቢያየው... ምን ይል ይሆን?» አሉ።

ጣሪያውን ሳያዩ በሳምንቱ ሞቱ። አስከሬናቸው የወጣው ራሳቸው በከፈቱት በር ነው። ዕድል እንዲህ ናት፤ አሥር ዓመት ቀድማ ያችን እጅ ብታስነሣ ምን ነበረበት? ግን አላደረገችውም። ዛሬ ሜዳው በቤት ተሞልቷል፣ ትምህርት ቤቱም ተከፍቷል። እንግዳ መጥቶ ያችን የመጀመሪያ ቤት «ማን ሠራት?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ልጅቱ አንገቷን ቀና አድርጋ «አያቴና አባቴ» ትላለች። እስካሁን ያረማት ሰው የለም።