ኳ የሚለው በር

ብርቄ የምትኖረው ከቲማቲም እርሻው አጠገብ፣ አንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ነበር። እናትና አባቷ የእርሻ ሠራተኞች ናቸው።

አዳራሹ ውስጥ ብዙ ቤተሰብ አለ። አንዱን ቤተሰብ ከሌላው የሚለየው ግን መጋረጃ ብቻ ነው!

ብርቄ መጋረጃውን አንኳኳች። «ፍሽሽ!» አለ።

ደግማ አንኳኳች። «ፍሽሽ!»

«እማዬ፣ እኔ ኳ! ኳ! የሚል በር ነው የምፈልገው!»

«እግዜር ያውቃል፣ ልጄ» አለች እናቷ።

ብርቄም ማታ ማታ ስትጸልይ፣ «እግዜርዬ፣ በሩን እንዳትረሳ!» ትላለች።

አንድ ቀን እናቷ ከእርሻው እየሮጠች መጣች። ሻሿ ወልቆ በእጇ ነው!

«ብርቄ! ወጣልን! ለእርሻው ሠራተኞች የተሠራው የኪራይ ቤት ዕጣ ወጣልን!»

ከመጋረጃው ወዲያ ጎረቤታቸው እትዬ ዳመነች ጠየቁ። «ኪራዩስ ይቻላል?»

«ይቻላል! ከፍለንም እራት እንበላለን! ለእርስዎም ወጥቶልዎታል፤ ጎረቤታሞች ነን!»

«እልልልል!»

ፍራሹ በእናቷ ራስ ላይ፣ አልጋው በአባቷ ትከሻ ላይ፣ የድስቱ ክዳን በብርቄ እጅ። ጉዞ ወደ አዲሱ ቤት!

በሩ አረንጓዴ የቆርቆሮ በር ነው። ብርቄ ሮጣ አንኳኳች።

«ኳ! ኳ! ቤቶች!»

ማንም «ማነው?» አላላትም። ቤቱ ባዶ ነዋ!

አባቷ ቲማቲሙን ውሃ ሊያጠጣ ወደ እርሻው ተመለሰ፤ እናቷም ውሃ ልትቀዳ ወጣች። ብርቄ ገብታ ቁጭ አለች። «ሰው ሲያንኳኳ ‹ማነው?› የምለው እኔ ነኝ!»

ጠበቀች... ጠበቀች...

ብርግድ! እትዬ ዳመነች ዘው ብለው ገቡ። «እንኳን ደስ ያላችሁ!»

«እትዬ! ሳያንኳኩ?»

«ውይ በሞትኩት! መጋረጃ የገለጥኩ መስሎኝ እኮ ነው!»

ብርግድ! እናቷ ውሃ ቀድታ ዘው አለች።

«እማዬ! አንቺም?»

«ለምዶብኝ ነው፣ ልጄ!»

ብርቄ አኮረፈች። ከዚያ ዓይኗ መቀርቀሪያው ላይ አረፈ። ቀጭ! አድርጋ ቀረቀረችው።

ጸጥ...

«ኳ! ኳ!»

ብርቄ ዘለለች። «ማነው?»

«ሜእእእ!»

የእትዬ ዳመነች ፍየል በሩ ላይ ቀንዷን እያከከች ነው! እናቷ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

ጀምበር ስትጠልቅ ደግሞ...

«ኳ! ኳ! ቤቶች!»

«ማነው?»

«የዚህ ቤት አባወራ! ልግባ?»

ብርቄ መቀርቀሪያውን ሳበች። አባቷ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ደጃፉ ላይ ቆሟል።

«ግባ! ግባ! ግባ!»

እራት ተበላ። እናቷ «ተመስገን» ብላ መብራቱን አጠፋች።

ብርቄን ግን እንቅልፍ እምቢ አላት። ማታ ማታ ከመጋረጃው ወዲያ የምትሰማው የእትዬ ዳመነች ማንኮራፋት የታለ?

ከአልጋው አጠገብ ያለውን፣ ከእትዬ ዳመነች ቤት ጋር የሚያዋስነውን ግድግዳ ቀስ አድርጋ መታች። «ኳ፣ ኳ።»

ከግድግዳው ወዲያ፣ «ኳ፣ ኳ። ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ ብርቄ!»

«ተኚ፣ የኔ እናት። አለሁ።»

ትንሽ ቆይቶ፣ «ኽርርር... ኽርርር...»

ብርቄም ፈገግ ብላ ዓይኗን ጨፈነች።