ዳይሬክተሩ ዓይናቸውን የታሰሩ ዕለት

«ቀስ በይ እንጂ» አሉ አቶ ዳልጮ። የማርያማዊትን ክንድ የያዘው መዳፋቸው ማላብ ጀምሯል።

«ቀስ ብዬ ነው የምሄደው፣ ዳይሬክተር።»

ማርያማዊት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ዓይነ ስውር። አቶ ዳልጮ የትምህርት ቤቷ ዳይሬክተር ናቸው። ዛሬ ግን የእሳቸውም ዓይን በሻሽ ታስሯል። ከጤና ጣቢያ፣ ከትምህርት ጽሕፈት ቤትና ከሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ የተጠሩ ሠልጣኞች፣ አካል ጉዳተኞችን እንዴት እንደሚያገለግሉ ሊማሩ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ከገቡ ሁለተኛ ቀናቸው ነው፤ አቶ ዳልጮም አብረዋቸው ይሠለጥናሉ። ከሶዶ የመጡት አሠልጣኝ፣ ወይዘሮ ዓመለወርቅ፣ ጠዋት ሠልጣኞቹን ጥንድ ጥንድ አድርገው ከየጥንዱ የአንዱን ዓይን አሳሰሩ። ማርያማዊትንም ጠርተው «ዳይሬክተሩን አንቺ ምሪያቸው። መንገዱንም አንቺ ምረጪ» አሏት።

መረጠች። ከክፍሎቹ ጀርባ ታጠፈች።

እዚያ ለአዲስ ሽንት ቤት የተቆፈረ ጉድጓድ አለ። ከፋሲካ በፊት ተቆፍሮ፣ አጥርም ክዳንም ሳይኖረው ዝናብ ሞላው። ከሦስት ሳምንት በፊት ጭላንጭል ብቻ የሚያየው የክፍል ጓደኛዋ ዱባለ ገባበት። እግሩ ተሰብሮ እስካሁን አልጋ ላይ ነው። አቶ ዳልጮ ለወረዳው «ሲሯሯጥ ወደቀ» ብለው ጻፉ። አብራው የነበረችው ማርያማዊት ቢሯቸው ገብታ እውነቱን ስትነግራቸው፣ «አንቺ ደግሞ ምን አየሽና?» ብለው አስወጧት።

«የሰው ድምፅ ራቀ» አሉ አሁን። «ወዴት ነው የምትወስጂኝ?»

እርምጃዋን ትቆጥራለች። አሥራ ስድስት። አሥራ ሰባት። የረጋ ውሃ ሸተታት። ጫማቸው ጭቃው ላይ አዳለጣቸውና በሁለት እጃቸው ያዟት።

ክንዷን ብትነጥቃቸው፣ እሳቸው በራሳቸው ወደ ጉድጓዱ ሁለት ሦስት እርምጃ መራመዳቸው አይቀርም። ማንም የለም። ይህን ማሰቧ ራሷን አስደነገጣት።

«ይቁሙ» አለች።

በእግሯ አንድ ጓል ገፋች። ከታች ውሃው ተንቦጫረቀ። አቶ ዳልጮ ሻሹን ገፍፈው ጣሉ።

«ምን ልታደርጊኝ ነበር?»

«እርስዎን አቁሜዎታለሁ። ዱባለን ያቆመው አልነበረም።»

ሲመለሱ ክንዷን አልያዙም። አዳራሹ በር ላይ ሲደርሱ ዝቅ ብለው፣ በለሰለሰ ድምፅ ተናገሯት።

«ከወረዳ የመጡ ሰዎች አሉ። ይሄ ነገር እዚህ እንዳይነሳ። የሚኒስትሪ ፈተናሽን የሚያነብልሽን ሰው የምመድበው እኔ መሆኔን ታውቂያለሽ።»

ታውቃለች። ያለ አንባቢ ፈተና የለም፤ ያለ ፈተና ዘጠነኛ ክፍል የለም።

ገብተው ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሠልጣኞቹ እየሳቁ የተደናቀፉበትን ያወራሉ። ወይዘሮ ዓመለወርቅ ጸጥ አሰኟቸው።

«ማርያማዊት፣ ዳይሬክተሩን በየት በኩል መራሻቸው?»

የአቶ ዳልጮ ጫማ ጫማዋን ነካ አደረገው። ማርያማዊት እጇን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ቆመች።

«ከክፍሎቹ ጀርባ» አለች። «ሁላችሁም ኑና ላሳያችሁ።»

ወንበሮች አንድ በአንድ ወደ ኋላ መገፋት ጀመሩ። ከጎኗ ያለው ወንበር ግን አልተንቀሳቀሰም። ማርያማዊት ወደ በሩ መሄድ ጀመረች።