ሃያ አንድ ደቂቃ የጎደለው ፊልም

ነቀምቴ ውስጥ ስለ ፊልም አስተያየት የሌለው ሰው ቢፈለግ የሚገኘው ዋለ ብቻ ነበር፤ እሱም ፊልም ጫኙ። በከኒሳ ቀሴ ሰፈር ባለችው ጠባብ ሱቁ የከተማውን ፍላሽና ሚሞሪ ሁሉ ይሞላል። ራሱ ግን ከእያንዳንዱ ፊልም የሚያየው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደቂቃዎች ነው። ድምፁና ምስሉ እኩል ከሄዱ «ምርጥ ፊልም ነው» ብሎ ያስረክባል። በዚህ መስፈርት ከተማዋ ውስጥ መጥፎ ፊልም ገብቶ አያውቅም።

ይሁን እንጂ እሑድ እሑድ፣ የቸርች ፕሮግራም አልቆ ምሳ ከተበላ በኋላ፣ ጨለለቂ ሰፈር ያለው ጁስ ቤት ውስጥ የሚሰበሰቡ የፊልም ወዳጆች ነበሩ። ከእነሱ መካከል ዋለን ቀድሞ የሚገኝ አልነበረም። እሱን ወደዚያ የሚያመጣው ፊልም አይደለም። የሚያመጣው ሊሊሴ ናት።

ሊሊሴ ውሃ ቢሮ ነው የምትሠራው። ቀኑን ሙሉ «ውሃ ጠፋ»፣ «ቆጣሪዬ አበደ» የሚል አቤቱታ ስትሰማ ስለምትውል፣ የሰው ንግግር ሳታቋርጥ መስማት ትችላለች። እሷ ስትናገር ደግሞ ሌላው ስትሮውን ከአፉ ያወጣል።

የክረምቱ መግቢያ ላይ አንድ የህንድ ፊልም መጣ። ርዕሱን አስተካክሎ የጠራው ስላልነበረ ሁሉም «የባቡሯ ልጅ» ይለዋል። ልጅቷን አባቷ ሩቅ ከተማ ላለ ሰው ድሯታል። የምትወደው ልጅ ጣቢያው ላይ ቆሟል። አንድ እግሯን ባቡሩ ላይ ታሳርፋለች፤ ሌላው ገና መሬት ላይ ነው። ዞር ብላ ታያለች። ጨለማ። አለቀ።

በዚያ እሑድ ጁስ ቤቱ በክርክር ሊፈርስ ነበር።

«አገባችው ወይስ አላገባችውም?» ኩማ ጠረጴዛውን መታ። ኩማ የሂሳብ መምህር ነው፤ መልስ የሌለው ጥያቄ እንደ ስድብ ይቆጥረዋል። «ተማሪ እንዲህ ያለ ወረቀት ቢሰጠኝ ዜሮ ነው የምሰጠው!»

«ዳይሬክተሩ ደክሞት ይሆናላ» አለች ነርሷ ሐሴት። «እኔም አዳር ሠርቼ ስወጣ የበሽተኛ ካርድ ሳልጨርስ የምሄድበት ቀን አለ።»

«ማል ጄታ ኩማ? ምን ማለትህ ነው?» አለች ሊሊሴ። ስትሮዎቹ ከየአፉ ወጡ። «እስከ ዛሬ ያየናቸው ፊልሞች ሴቷን ወይ ጎትተው ይድሯታል፣ ወይ ይገድሏታል። ይሄኛው ግን ‹አንቺ አስቢበት› ብሏት ሄደ። እንድታስብ መብራቱን አጥፍቶላት ወጣ። ይሄ እኮ ክብር ነው።»

«መብራት» የሚለውን ቃል ሲሰማ ዋለ ወደ አፉ ያስጠጋውን የአቮካዶ ጁስ መልሶ አስቀመጠ።

ትዝ አለው። ሐሙስ ዕለት፣ አዲስ አበባ ያለው ጓደኛው አላዛር በአውቶቡስ የላከለትን ሃርድ ዲስክ እየገለበጠ ሳለ መብራት ሄዶ ነበር። ሲመጣ ፊልሙን ከፈተው፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደቂቃዎች አየ፣ ድምፁ ጥሩ ነው፣ ምስሉ ጥሩ ነው። ዲስኩን በማግስቱ መለሰ። ፊልሙን ለከተማው በተነ።

አላዛርን ለምኖት ማክሰኞ ዲስኩ ተመልሶ መጣለት። ሃያ አንድ ደቂቃ ጎድሏል። በነዚያ ሃያ አንድ ደቂቃዎች ልጅቷ ባቡሩ ላይ ትወጣለች፤ ልጁ በፈረስ ይከተላታል፤ የባቡሩ ጣሪያ ላይ አሥራ አንድ ጎረምሳ ይደበድባል፤ አባት ያለቅሳሉ፤ ሠርግ ይሆናል፤ መንታ ይወለዳል። ዋለ በሕይወቱ እስከ መጨረሻው ያየው የመጀመሪያ ፊልም ይህ ነበር። ማየቱን ጠላው።

«ነገውኑ እነግራታለሁ» ብሎ ወሰነ። በነጋታው እሷው መጣች።

«አካም ዋለ? ደህና ነህ?»

«ደህና... ግቢ፣ ቁጭ በይ።» ሱቁ ውስጥ ያለው አንድ ወንበር ነው። ለሷ ለቀቀላትና ራሱ በገመዶቹ መሐል ቆመ።

«እሑድ ዝም አልክ። አንተ አስተያየት የለህም?»

«አለኝ። እያሰብኩበት ነው።»

«ጎበዝ። ሰው ሁሉ ይቸኩላል።» ጣቷን ኪቦርዱ ላይ ሳትጫን አንሸራተተችው። «ላመሰግንህ ነው የመጣሁት። ያን ፊልም ስላመጣህ።»

«ምን ምስጋና ያስፈልገዋል?»

«አባቴ አዳማ ያለ ኢንጂነር አምጥቶልኛል። ጨዋ ነው፣ የቸርች ልጅ ነው፣ እንከን ፈልጌ አጣሁለት። እሺ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ፊልሙን ካየሁ በኋላ ግን ‹አባ፣ ጊዜ ስጠኝ› አልኩት። በሕይወቴ ጊዜ ጠይቄው አላውቅም።»

ዋለ የተጠላለፈ ገመድ አነሳ። «በርቺ» አለ።

እሷ ከሄደች በኋላ ግንባሩን ከመደርደሪያው ጋር አጋጨ። ቢነግራት፣ ያቺ የጠየቀቻት ጊዜ የመብራት መቋረጥ ውጤት ሆና ትቀራለች፤ አዳማ ትሄዳለች። ባይነግራት ያታልላታል። ከሁሉም ያሳፈረው ግን ሌላ ነው፦ እሷ የምታስብበት እያንዳንዱ ቀን ለሱ ትርፍ ነበር። እሱ የሰፋሪ ልጅ ነው፤ ወላጆቹ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ የመጡ። ኦርቶዶክስ ነው። ያለው ሀብት ሁለት ኮምፒውተርና ብዙ ገመድ ነው። የሷ አባት ኦቦ ኢዮስያስ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ናቸው። ከኢንጂነር ጋር ለመፎካከር ያለው ተስፋ የተበላሸ ፋይል ብቻ ነበር።

ሦስት እሑድ አለፈ። ሊሊሴ ሦስቱንም ስለ ልጅቷ እግር ተናገረች። ዋለ ሦስቱንም አቮካዶ ጠጣ።

ከዚያ የአርጆ ወጣቶች ጠሯት። የወጣት ማዕከላቸውን የሚያስተባብረው ሌሊሳ ዝናዋን ሰምቶ፣ «ቅዳሜ ፊልሙን በጋራ አይተን አንቺ ታስረጂናለሽ» አላት። ሊሊሴ ደስታዋን ልትነግረው ዋለ ሱቅ ድረስ መጣች።

«ፊልሙን እኔ ልጫንልሽ?» አላት ፈጥኖ።

«አያስፈልግም፤ ከጅማ ያመጡት አላቸው።»

የእሱ እጅ ያልነካው የጅማው ፊልም ሙሉ መሆኑ አይቀርም። ዋለ ቅዳሜ ጠዋት ሱቁን ዘግቶ የአርጆ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቧ ተቀመጠ። በሌላ ጎኑ አዴ ወርቂቱ የሚባሉ እናት የማር ጀሪካናቸውን እንደ ልጅ ታቅፈው ተቀምጠዋል።

ከከተማ ወጡ። ዋለ ጉሮሮውን ጠረገ። አንድ ዳገት ወጡ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«አሞሃል እንዴ?» አለችው ሊሊሴ።

«ሊሊሴ፣ ያ ፊልም አላለቀም።»

«አውቃለሁ። ለዚህ እኮ ነው የምወደው።»

«እንደሱ አይደለም። የእውነት አላለቀም። ሃያ አንድ ደቂቃ ይቀረዋል። ስገለብጠው መብራት ሄዶብኝ ነው።»

ሊሊሴ ፊቷን ወደ እሱ መለሰች።  ሚኒባሱ ውስጥ ያለውም ሁሉ አንገቱን አዞረ፤ ለካ ሁሉም ይሰማ ነበር።

«እና ልጅቷ ምን ሆነች?» አሉ አዴ ወርቂቱ።

«ባቡሩ ላይ ወጣች እናቴ። ልጁ በፈረስ ተከተላት።»

«ባቡር በፈረስ?» አለ ሹፌሩ በመስታወቱ እያየ። «ይሄማ ውሸት ነው።»

«አንተ መንገድህን እይ!» አሉና ወደ ዋለ ዞሩ። «አገባችው ልጄ?»

«አገባችው። መንታ ወለዱ።»

«ገለታ ዋቃዮ! ተመስገን!» አሉ አዴ ወርቂቱ፤ ከኋላ ወንበር ያጨበጨበም ነበር።

ሊሊሴ ግን አሁንም ዋለን እያየች ነው። «መቼ አወቅህ?»

«ሦስት ሳምንት ሆነኝ።»

«ሦስት እሑድ ፊቴ ተቀምጠህ ስቀባጥር ሰማኸኝ?»

«ፈራሁ።»

«ምን ፈራህ?»

«ለአባትሽ... ጊዜ ስጠኝ ያልሽው ነገር እንዲቀር አልፈለግኩም።»

መልሱ ካሰበው በላይ ወጥቶበት ነበር። ሊሊሴ ወደ መስኮቱ ዞረች። ስትናገርም ዓይኗ ከሚያልፉት ቡና ማሳዎችና ባሕር ዛፎች ላይ አልተነሳም።

«ጊዜውን የጠየቅሁት እኔ ነኝ ዋለ። መብራቱ አይደለም። ይሄን ያህል ጅል መስዬህ ነበር?»

አርጆ ደረሱ። አዴ ወርቂቱ ሲወርዱ የዋለን ትከሻ መታ መታ አድርገው «ጃባዱ፣ በርታ ልጄ» አሉት። የሐዘን ቤት አነጋገር ነበር።

የወጣት ማዕከሉ አዳራሽ ሞልቷል። ፊልሙ ሄደ፤ የልጅቷ እግር ባቡሩ ላይ አረፈ፤ አልጨለመም። ቀጠለ። ፈረሱ ሲመጣ ወጣቱ አፏጨ፣ በአሥራ አንዱ ጎረምሶች ጊዜ ወንበር ተረገጠ፣ ለመንታዎቹ ተጨበጨበ። ዋለ የኋላ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ የሊሊሴን ማጅራት ብቻ ያይ ነበር። ማጅራቷ አልተነቃነቀም።

ሌሊሳ ማይኩን ሰጣት።

«እኔ የተጠራሁት ይሄን ፊልም ላስረዳችሁ ነበር» አለች። «ፊልሙን ግን ያየሁት ዛሬ ነው።»

ሳቅ ሆነ። እሷም ሳቀችና ሁሉንም ነገረቻቸው፤ መብራቱን፣ የልጅቷን እግር፣ ነቀምቴ የተጨቃጨቀበትን እሑድ። የዋለን ስም ግን አልጠራችም።

«አንድ ነገር ልጠይቃችሁ» አለች ቀጥላ። «ባቡሩ ላይ ከወጣች በኋላ ልጅቷ ስንት ቃል ተናገረች?»

አዳራሹ አሰበ።

«አንድም!» አለች ከመሐል ሐዊ የምትባል ተማሪ። «አልተናገረችም!»

«አሥራ አንድ ሰው ተደበደበላት፤ ፈረስ ተጋለበላት፤ ተዳረች፤ ወለደች። ‹አንቺስ ምን ትያለሽ?› ያላት ግን አንድ ሰው የለም። እኛ ያየነው ፊልም ጎዶሎ ነበር። ጎዶሎው ውስጥ ግን ልጅቷ ነበረች።»

ከዚያ በኋላ ማይኩ አላስፈለገም፤ ሁሉም ባንድ ጊዜ ይጮህ ነበር። ዋለ የመጨረሻዎቹን ሃያ አንድ ደቂቃዎች ሁለት ጊዜ አይቷቸዋል። የልጅቷን ዝምታ አንዴም አልሰማውም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መናኸሪያው ጋ ካፊያ ጀመረ። ሊሊሴ ጃንጥላዋን ዘርግታ መጣችና፣ ሳትጠጋውም ሳትርቀውም ቆመች።

«ኩማ ሲሰማ ይሰቅልሃል።»

«ይገባኛል። ሊሊሴ፣ ጅል አልመሰልሽኝም። ለራሴ ነው የፈራሁት።»

ጫማዋን አየች። «ለአባቴ ረቡዕ መልስ ሰጥቼዋለሁ። አዳማ አልሄድም አልኩት።»

«ምን አሉ?»

«ሁለት ቀን አኮረፈኝ። ዛሬ ጠዋት ስወጣ ‹ጃንጥላ ያዢ› አለኝ።» ፈገግ አለች፤ ፈገግታዋን ግን ወዲያው መለሰችው። «አንተ ግን ሌላ የደበቅከኝ ነገር አለ?»

ዋለ እንደ ምንም ብሎ «አንድ አለ» አለ።

«ስንት ሳምንት ሆነው?»

«ሁለት ዓመት።»

ጃንጥላው ትንሽ ወደ እሱ ዘመም አለ።

«ቢሮሽ መጥቼ ‹ሰፈራችን ውሃ ጠፋ› ያልኩሽ ቀን ትዝ ይልሻል? አልጠፋም ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ጎረቤቴን አጅቤ ቢሮሽ መጥቼ አየሁሽ። ከዚያ ተመልሶ ለመምጣት ሌላ ምክንያት አጣሁ።»

«አውቃለሁ» አለች ሊሊሴ።

«ምኑን?»

«ሠራተኛ ልኬ ነበራ። እናትህ ቧንቧውን ለቀው ብርድ ልብስ ሲያጥቡ አገኛቸው። ‹ምን ጎደለኝ ልጄ፣ ውሃው እንደ ጉድ ይወርዳል› ብለው መርቀው መለሱት።»

ዋለ መሬት ቢውጠው በወደደ። ከዚያ ቀስ ብሎ ገባው። «እና... እያወቅሽ ሁለት ዓመት ዝም አልሽ?»

ስለ ሁሉም ፊልም አስተያየት የነበራት ሊሊሴ የጃኬቷን ዚፕ ከፈተች፤ ዘጋች። 

«እኔም ፈራሁ» አለች።

«ነቀምቴ! ነቀምቴ! የቀረው ሁለት ሰው!» ረዳቱ በሩን ይዞ ይጮሃል። «እናንተ፣ ትሄዳላችሁ?»

ሁለቱም ከቦታቸው አልተነቃነቁም። ሌሎች ሁለት ሰዎች ሮጠው ገቡ፤ ሚኒባሱ ጭቃ እየረጨ ወጣ።

«ቀጣዩ መቼ ነው?» አለች ሊሊሴ።

«አንድ ሰዓት ሳይቆይ የሚሞላ አይመስለኝም።»

«ጥሩ ነው» አለችና ጃንጥላውን እንዲይዝላት ሰጠችው።