ዋናውን ተውት

ሴትዮዋ ወደ ጎማ መጠገኛው ስትገባ ሻምበሉ አንድ የዛገ ቸርኬ ከጎማው ለማላቀቅ እየታገለ ነበር። ቀና ብሎ አያት። ብረቱ ከእጁ ወደቀ።

የትልቁ ልጇ ቀብር ላይ ከሩቅ ተያይተዋል። ከዚያ ወዲህ እሱ በሰፈሯ አልፎ አያውቅም። እሷም ከሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ወጥታ ወደ እሱ የምትመጣበት ጉዳይ አልነበራትም። ዛሬ ግን መጣች። እጇ በሳሙና ተልጦ ተሸብሽቧል።

«ትንሹን ይዘውታል» አለች።

«እነማን?»

«ሽፍቶች ናቸዋ። ከነጭነት መኪናው። ከወንዙ ማዶ፣ የድሮው ድንጋይ መፍለጫ ጋ። ረዳቱ አምልጦ መጥቶ ነገረኝ። መኪናው አልነሳ ብሏቸው አስነሳ እያሉ ይደበድቡታል።»

«ፖሊስ ጋ ሄደዋል?»

«ዝናቡ ያባራ አሉኝ። ዝናቡ እስኪያባራ ልጄ ይቆየኛል?» ወደ እሱ አንድ እርምጃ ቀረበች። «አንዱን ወስደህ ሬሳውን ነው ያመጣህልኝ። ይሄኛውን በእግሩ አምጣልኝ።»

ሻምበሉ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«እሺ እማማ።»

እሷ ወደ ልብስ ማጠቢያዋ ተመለሰች።

ሻምበሉ በዚያው ጠዋት ጆሮ ጋ ሄደ። ጆሮ በኮማንዶው ዘመን የሬዲዮ ሠራተኛው ነበር። ስሙን ያወጡለት ጓዶቹ ናቸው። ኋላ ፍንዳታ አንዱን ጆሮውን ሲደፍንበት ስሙ አብሮት ቀረ። አሁን በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሬዲዮ ይጠግናል።

«በአንድ ጆሮ ልትወስደኝ ነው?» አለ ጉዳዩን ሲሰማ።

«ዓይንህ ደህና ነው። የአደን ጠመንጃህስ?»

«ከእኔ የተሻለ ጤና አለው» አለና ሱቁን ዘጋ።

ሁለቱም የሚሄዱበትን ምክንያት ያውቃሉ። ሻምበሉ ጓድ ይመራ በነበረበት ዘመን፣ በድልድይ ወይም በዋና የሚሻገሩት አንድ ወንዝ ዳር ደርሰው ነበር። ሬዲዮው ድምፅ አልቀበል ብሎ በጽሑፍ ብቻ ይሠራል። ከበላይ የመጣው መልእክት ሁለት ቃል ነበር፦ ዋናውን ተውት። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። አጥብቆ ላነበበው፣ ዋነኛውን ድልድይ ተውት ማለት ነው። አላልቶ ላነበበው፣ መዋኘቱን ተውት ማለት ነው። ጆሮ «የቱን ማለታቸው እንደሆነ ልጠይቅ?» አለ። ሻምበሉ ሲጠይቁት የሚመልስ እንጂ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። «አያስፈልግም። መዋኘቱን ትተናል» አለና ጓዱን ወደ ድልድዩ ላከ። የሴትዮዋ ትልቁ ልጅ ቀድሞ ገባ። ፈንጂው ከሳንቃው ሥር ተቀብሮ ነበር።

መርማሪዎች ጥፋቱን ጽፎ በላከው ሰው ላይ ጣሉት። ሻምበሉ ግን ራሱ ሠራዊቱን ለቆ ወጣና ጎማ መጠገን ጀመረ።

ገደሉን መውረድ ሲጀምሩ ዝናቡ በረታባቸው። ውኃው ከላይ አፈር እየጠረገ ይወርዳል። ሻምበሉ የያዘውን ገመድ ወገቡ ላይ አሥሮ ሌላውን ጫፍ ለጆሮ ወረወረለት። ግማሽ መንገድ ላይ ዳገቱ ተንቀሳቀሰ። አንድ ትልቅ ዛፍ ቁሙን ተንሸራትቶ በአጠገባቸው አለፈ። ጆሮ እግሩ ከዳውና ተንጠለጠለ። ሻምበሉ ተረከዙን ድንጋይ ላይ ተክሎ፣ ገመዱ መዳፉን እየላጠው፣ ስቦ አወጣው።

«ከብደሃል» አለው።

«ጭቃው ነው» አለ ጆሮ እያለከለከ።

ከገደሉ ሥር ጫካ ነው። መንገዱ ጎሽ የረገጠው ነበር። ጎሹም ራሱ እዚያው መንገዱ ላይ ቆሞ አገኙት፤ ብቻውን፣ አንድ ቀንዱ የተሰበረ፣ አፍንጫው የሚነፋ። ጆሮ ጠመንጃውን አነሳ። ሻምበሉ አፈሙዙን በእጁ ወደ ታች ተጫነ። አንድ ጥይት ከተተኮሰ መፍለጫው ድረስ ይሰማል። ጎሹ አንገቱን ደፍቶ መጣ። ሁለቱ ወደ ግራና ቀኝ ተወረወሩ። ጎሹ በመካከላቸው አልፎ ዞረ፤ በዚያች ፋታ ዛፍ ላይ ወጡ። ግንዱን በቀንዱ ሲወጋ ቅርፊቱ እየተላጠ ወደቀ። በመጨረሻ ሰልችቶት ሄደ።

«ሲያየን የሚበላ ነገር አጣብን መሰለኝ» አለ ጆሮ ከላይ ሆኖ።

ወንዙ ሞልቶ ነበር። ወንዙን ከሚያሻግረው የብረትና የሳንቃ ድልድይ ማዶ ጫፍ ላይ የታጠቁ ሰዎች በቆርቆሮ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ሁለቱ ከዳር ቁጥቋጦ ውስጥ ተኝተው አዩዋቸው። ሻምበሉ ወደ ጓደኛው ደህና ጆሮ ጠጋ አለ።

«አንተ በየት ትላለህ?»

ጆሮ ዞሮ አየው። «ዛሬ ነው እንዴ መጠየቅ የተማርከው?»

«መልስልኝ።»

«ከላይ፣ ከመታጠፊያው። እዚያ ውኃው ራሱ ገፍቶ ያደርሰናል። አዞ ግን አለ።»

ከመታጠፊያው ገቡ። ውኃው እንደ ገለባ ወሰዳቸው። መሃል ላይ ሻምበሉ ከኋላው ውኃው ሲሰነጠቅ አየ፤ ሁለት ዓይንና ረጅም ጀርባ። የምግብና የልብስ ሻንጣውን ከትከሻው አወለቀና ወደዚያ ገፋው። መንጋጋው ሻንጣውን ይዞ ሰመጠ። እነሱ ጭቃውን ቧጠው ወጡ።

ከድልድዩ አጠገብ፣ በተሻገሩበት ዳር፣ ከፍ ያለ ድንጋይ ነበር። ጆሮ እዚያ ይቀራል።

«መኪናው ሲነሳ ጠባቂዎቹን አባርልኝ» አለው ሻምበሉ። «ድምፁን ስትሰማ...»

«በየትኛው ጆሮዬ?»

«እሺ፣ ጭሱን እይ።»

መፍለጫው ውስጥ ሽፍቶቹ ዝናቡን ሸሽተው በአንድ መጋዘን ተሰብስበዋል። ሳቃቸው ይሰማል። መኪናው ውጭ ቆሟል። ከሥሩ ሁለት እግሮች ይታያሉ፤ አንዱ ከመኪናው ብረት ጋር በገመድ ታስሯል። ሻምበሉ በሆዱ ጭቃውን እየቀዘፈ ሄደና ከመኪናው ሥር ገባ። ሹፌሩ ፊቱ አብጦ፣ መፍቻ ይዞ በጀርባው ተኝቷል።

«ማን ነዎት?» አለ በሹክሹክታ።

«እናትህ ልካኝ ነው።» ሻምበሉ ገመዱን በቢላዋ መቁረጥ ጀመረ።

«ማን ልበል?»

ቢላዋው ቆመ። «ሻምበል ይሉኛል።»

«የድልድዩ ሻምበል?»

«አዎ።»

ሹፌሩ መፍቻውን ጨበጠ። አንቱታው እዚያው ቀረ። «ካንተ ጋር ወንዝ አልሻገርም። እዚሁ ይግደሉኝ።»

ድሮ ቢሆን ያዘዋል፤ እምቢ ካለም ጎትቶ ይወስደዋል። ሻምበሉ ገመዱን ቆርጦ ጨረሰ።

«አንተ ንገረኝ» አለ። «በየት እንውጣ?»

ሹፌሩ መፍቻውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አኖረው።

«ዋና አልችልም» አለ። «የምችለው መንዳት ነው። መኪናው አልተበላሸም። የነዳጅ መስመሩን ራሴ ዘግቼው ነው፤ አሁን እከፍተዋለሁ። በድልድዩ እንወጣለን።»

«ድልድዩ ላይ ምን አለ?»

«የአንዳንድ ሳንቃዎችን ብሎን ፈተዋል። የቱን እንደሆነ እነሱ ናቸው የሚያውቁት። የማያውቅ መኪና ከገባ ወንዝ ውስጥ ነው። በእግሩ እየረገጠ የሚመራኝ ሰው ያስፈልጋል።» ድምፁ ጠነከረ። «ማነው የሚቀድመው?»

«እኔ።»

«ሌላ ሰው ብትልክስ?»

«ሌላ ሰው አልልክም።»

ሞተሩ በመጀመሪያው ሙከራ ተነሳ። ጥቁር ጭስ ከመጋዘኑ ጣሪያ በላይ ወጣ። ሻምበሉ የመኪናውን በር ይዞ መረገጫው ላይ ቆመ። ሽፍቶቹ ሲወጡ መኪናው በራቸውን አልፎ ነበር። የጎን መስታወቱ በጥይት ረገፈ። ሹፌሩ ጎንበስ ብሎ መኪናውን ቁልቁል ለቀቀው።

ከድንጋዩ ላይ የጆሮ ጠመንጃ አጓራ። የጠባቂዎቹ ቆርቆሮ በላያቸው ተዘረገፈ። አንዱ መሣሪያውን ጥሎ ወደ ጫካው ገባ። ሌላኛው ተንበርክኮ ተኮሰና ሻምበሉን ጭኑ ላይ መታው፤ መኪናው ወደ እሱ ሲዞር ግን እሱም ሮጠ። ጆሮ ከድንጋዩ ወርዶ፣ ጠመንጃውን ጭነቱ ላይ ወርውሮ፣ በሻምበሉ ቦታ መረገጫው ላይ ተንጠለጠለ።

ሻምበሉ ቀድሞ ድልድዩ ላይ ወጥቷል። እግሩ ይደማል። ከኋላው መኪናው በዝግታ ተከተለው፤ ከመኪናው ኋላ የሚሮጡት ሽፍቶች ይጮኻሉ። ሳንቃውን ረገጠ፤ ያዘ። ቀጣዩን ረገጠ፤ ያዘ። ጥይት ብረቱን መታና አፏጨ። ወደ ኋላ አልዞረም። መሃል ላይ አንዱ ሳንቃ ከሥሩ ዘለለ፤ እግሩ እስከ ጉልበቱ ገባ። ከታች ቀይ ውኃ ይገለበጣል። በክርኑ ራሱን አወጣ።

«ከዚህ እስከዚህ የላላ ነው!» ብሎ ጮኸ። «ጎማህን ብረቱ ላይ አስቀምጥ! ወደ ግራ... ተው፣ ትንሽ ወደ ቀኝ... ና! ና! ና!»

ሹፌሩ ዓይኑን ከሻምበሉ እጅ ላይ አልነቀለም። እጁ ወደ ግራ ሲል መሪው ወደ ግራ፣ እጁ ሲቆም መኪናው ቆመ። ጎማው የብረቱን ጠርዝ እየላጠ አለፈ።

የላላውን ሲጨርሱ ሻምበሉ ገመዱን ከወገቡ ፈትቶ በላሉት ሳንቃዎች ሥር አሳልፎ ጫፉን ከመኪናው መጎተቻ ጋር አሠረ።

«ሳበው!»

መኪናው አገሳ። ሳንቃዎቹ አንድ ላይ ተነቅለው ተከተሉ። ሽፍቶቹ ክፍተቱ ጫፍ ላይ ደርሰው ቆሙ። አለቃቸው መኪናው ከመንገዱ መታጠፊያ እስኪሰወር ይሳደብ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሻምበሉና ጆሮ ጋቢናው ውስጥ ገቡ። ሹፌሩ ቀበቶውን ፈትቶ ወደ ሻምበሉ ወረወረ።

«ከቁስሉ በላይ እሰርበት» አለ። «ወንበሬን ደም አደረግከው።»

ሆስፒታሉ ሲደርሱ እናትየዋ ከልብስ ማጠቢያው እርጥብ እጇን እንደዘረጋች ሮጣ ወጣች። ልጇ በእግሩ ወርዶ ወደ እሷ ሄደ። ያበጠ ፊቱን በሁለት እጇ ያዘች። ጭንቅላቱን፣ ትከሻውን፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ዳሰሰች። ከዚያ በጆሮ ትከሻ ተደግፎ የቆመውን ሻምበል አየችው።

«እኔ ልሂድ» አለ እሱ።

«በየትኛው እግርህ?» አለችና ክንዱን ይዛ ወደ ቁስል ማጠቢያው ክፍል አስገባችው።

ነርሷ የሱሪውን እግር በመቀስ እየቀደደች ጠየቀች። «እማማ፣ ምንዎ ነው?»

ሴትዮዋ በሳህን ለብ ያለ ውኃ ቀዳች። ፎጣ ነከረች፤ ጨመቀች።

«ዘመድዎ ነው? ዝምድና የሚለው ላይ ምን ልጻፍ?»

«ክፍት ተዪው» አለች። «እያሰብኩበት ነው።»

ከዚያ ጎንበስ ብላ ከጭኑ ላይ ደሙን ማጠብ ጀመረች።