ውድ እናት

«‹ውድ እናት›!» አለች ሉብና። ድምፅዋ ከትምህርት ቤቱ በር አልፎ አስፋልቱ ድረስ ተሰማ። «‹ውድ እናት፣ ሰባተኛ ወርዎ ገብቷል። የፊታችን ሐሙስ ጠዋት የደም ግፊትዎን ለመለካት ጤና ጣቢያ ይምጡ።› ኧረ ሄርሜላ! ምነው ሳትነግሪን?»

ስልኩን የተቀበለቻት የሂሳብ የቤት ሥራውን ፎቶ ለራሷ ልትልክ ነበር። ሄርሜላ ነጥቃ ኪሷ ከተተችው፤ ግን ክፍሉ በሙሉ ሰምቷል። ዮፍታሔ ቦርሳውን ሹራቡ ውስጥ ጠቅጥቆ፣ ወገቡን ይዞ ወዲያ ወዲህ ሲል ጥበቃው ጋሽ ወልዱ እንኳ ሳቁ።

«የጎረቤታችን ነው! ስልክ ስለሌላት በኔ ቁጥር ተመዝግባ ነው» አለች። ማንም አልሰማትም።

ከዚያ ወዲያ ስሟ ጠፋ። «ውድ እናት፣ ማስመሪያ አውሺኝ።» «ውድ እናት፣ ቀስ ብለሽ ተቀመጪ እንጂ!» ሰኞ ዕለት መጸዳጃ ቤት ገብታ የጤና ጣቢያውን ቁጥር ብሎክ አደረገችው።

ጎረቤቷ የሺሀረግ ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክማ እየወረደች፣ እየሸጠች ነው የምትኖረው። ያን ጊዜ፣ የጤና ባለሙያዋ ሲስተር ንግሥት ታብሌቷን ይዛ ነፍሰ ጡሮችን ቤት ለቤት ስትመዘግብ፣ «ስልክ?» ብላ ጠየቀቻት። የሺሀረግ ወደ ሄርሜላ ዞረች። «ያንቺን ስጪልኝ የኔ ልጅ፤ አንቺ ታነቢልኛለሽ።» ሄርሜላም ቁጥሯን አንድ በአንድ፣ ኮራ ብላ ተናገረች።

አሁን ግን የሺሀረግ ማታ ማታ ሸክሟን ደጅ ላይ አውርዳ ስትጠይቃት ሄርሜላ መሬት መሬት ታያለች።

«ጤና ጣቢያው ምን አለኝ?»

«ምንም አላለም፣ እትዬ የሺ።»

ውሸት አይደለም ብላ ራሷን አሳመነች፤ ቁጥሩን ከዘጋችው ወዲህ ስልኩ እኮ አልጮኸም። የሐሙሱን ቀጠሮ ግን ዋጠችው።

«እሰይ! እንግዲያው ደኅና ነኝ ማለት ነዋ። ባልሆን ይነግሩኝ ነበር።»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሄርሜላ የሺሀረግን የሰፈሩ ቧንቧ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። ጫማዋን አውልቃለች። የላስቲክ ጫማው ጠርዝ እግሯ ላይ ጣት የሚያስገባ ጉድጓድ ትቷል።

«ራሴን ሊፈልጠኝ ነው» አለች ግንባሯን ይዛ። «ግን መልእክት ካልመጣ ምንም አይደለም፤ አይደል?»

ሄርሜላ አጠገቧ ቁጢጥ አለች። ስልኳን አውጥታ የታገዱትን መልእክቶች ከፈተች። ሦስት ናቸው። የመጨረሻው እንዲህ ይላል፦ «ውድ እናት፣ ሐሙስ አልመጡም። ከባድ ራስ ምታት ወይም የእግርና የፊት እብጠት ካለዎት ቀጠሮ ሳይጠብቁ አሁኑኑ ይምጡ።»

‹አሁን ገባ› ብትል ማን ያውቃል? የሺሀረግ ቀኑን ማንበብ አትችልም።

ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችላት። ከዚያ፣ «ይሄ... ማለቴ፣ የመጣው ትናንት ነው። ከዚያ በፊትም ሁለት አለ። ቁጥሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ፣ እትዬ የሺ። የሐሙሱንም ቀጠሮ ሳልናገር ቀረሁ። ክፍል ውስጥ ሲስቁብኝ ጊዜ...»

የሺሀረግ ቀና ብላ አየቻት። ቧንቧው ይንጠባጠባል።

«በኔ ሆድ ነው የሳቁብሽ?»

«አዎ።»

«ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አለችና እጇን ዘረጋች። «በይ አንሺኝ፤ እንሂድ።»

ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ሲስተር ንግሥት ግፊቱን ሁለት ጊዜ ለካች። ከፍ ብሏል። መድኃኒት ተሰጣት፤ እዚያው እንድታድርም አልጋ ተዘጋጀላት።

«እንጨቱስ?» አለች የሺሀረግ።

«እንጨቱ እንጦጦ ይቆይሻል፤ የትም አይሄድም። ደግነቱ በጊዜ መጣሽ። አንቺም ልጅሽም ትወጡታላችሁ።» ሲስተር ንግሥት ታብሌቷን ከፈተች። «መልእክቱ ካልደረሰሽ ሌላ ቁጥር ላስገባ?»

የሺሀረግ ሄርሜላን ሳታይ ነጠላዋን አስተካከለች። ልትከሳት አልፈለገችም።

«አይቀየር» አለች ሄርሜላ፤ ስልኳን አውጥታም የጤና ጣቢያውን ቁጥር ከብሎክ አወጣችው። ከዚያም ቁጥሯን እንደ መጀመሪያው ቀን አንድ በአንድ ተናገረች፤ አሁን ግን ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር።

ማክሰኞ ከትምህርት ሲወጡ ስልኳ በር ላይ ጮኸ። ሉብና ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ዮፍታሔ ደግሞ ከኋላ ሆኖ በሙሉ ድምፁ ተጣራ።

«ውድ እናት! ተፈልገሻል!»

«አቤት» አለች ሄርሜላ፤ መንገዱ ዳር ቆማም መልእክቱን እስከ መጨረሻው አነበበችው።