ከፕሪሙ ዛፍ ያለፈው ማርሽ

ሰው የገደለ እጅ ሩዝ ሲያጥብ ይንቀጠቀጣል ወይስ እንደ ወትሮው ይጸናል? እማማ ኪኑኤ የልጅ ልጃቸውን የሺሆን እጆች ከኋላ እያዩ ይህን ራሳቸውን ጠየቁ። የሺሆ እጆች ጸንተዋል። አሮጊቷን ይህም ራሱ አስፈራቸው።

የመንደራቸው ሰው የሆሳካ ሬሳ የተገኘው ትናንት ነው፤ ከግድቡ በላይ ባለው ጠመዝማዛ መንገድ፣ ደረቱ ተደቁሶ። መኪና ገጭቶት፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ደግሞታል። ኮቱ ላይ ነጭ ቀለም ቀርቷል። የእነ ኪኑኤ መኪናም ነጭ ናት፤ ፊቷም ሰርጉዷል። ሺሆ «ባለፈው ወር አጋዘን ገጭቼ ነው» ብትልም ያየላት ሰው የለም። ሆሳካ በተገደለበት ሰዓት ብቻዋን በእግሯ ወደ መቅደሱ ወጥታ እንደነበር ተናግራለች፤ ያንንም ያየላት የለም።

ሆሳካን ለመጥላት ደግሞ ምክንያት አላት። ከአራት ዓመት በፊት መንደሩ በሙሉ የበረዶ ጎማ ሲገጥም «ነገ፣ ነገ» እያለ በበጋ ጎማ የወጣ እሱ ነው። ተንሸራቶ እናቷን ፉሚኤን ከግንብ ጋር አጣበቃት። ፍርድ ቤቱ አደጋ ነው አለ። አባቷ ማሳቶ፣ የእማማ ኪኑኤ ልጅ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ መሪ ጨብጦ አያውቅም። በየፀደዩ ጎማ ፈትቶ ያስቀምጣል እንጂ ሞተር አያስነሳም።

መርማሪ ታካናሺ ሻዩን እፍ እያለ ከእማማ ኪኑኤ ፊት ተቀመጠ።

«እማማ፣ ትናንት ስምንት ሰዓት ላይ የት ነበሩ?»

«የት እሄዳለሁ ብለህ ነው? ጉልበቴ እዚሁ አስሮኛል።»

«መኪና ሰምተዋል?»

አሮጊቷ ሺሆን አዩ። ልጅቷን የሚያድናትን ነገር ቶሎ ለመናገር ተጣደፉ።

«ሰምቻለሁ፤ ግን የእኛ አይደለችም! የእኛ አውቶማቲክ ናት፤ ዳገቱን ስትጀምር ማርሿን የምትቀይረው ከፕሪሙ ዛፍ ሥር ነው። ሺሆ ሥራ ስትሄድ ያቺን ድምፅ ሳልሰማ ልቤ አያርፍም። የትናንትናዋ እየጮኸች ዛፉን አልፋ፣ ከድንጋዩ ሐውልት ዘንድ ደርሳ ነው የቀየረችው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ መች ጸናች! ማርሹ ሲወጣ፣ ሲወርድ፣ ሲወጣ፣ ሲወርድ። ግራ የገባው ሰው ትመስል ነበር።»

«በሌላው ሁሉ ግን የእናንተን ትመስላለች?»

«ስትነሳ እንኳ እንደ እሷ ነው የምትስለው። ግን አይደለችም አልኩህ! የኔ ጆሮ አይሳሳትም።»

«አይሳሳትም» አለ ታካናሺ ቀስ ብሎ፤ ስኒውንም አስቀመጠ።

ወደ ዕቃ ቤቱ ገባ። በአቧራው ላይ አራት ክብ ንጹሕ ቦታዎች አገኘ። ቀጥሎም ሺሆ ልታገባው ያሰበችውን መካኒኩን ኢዋሴን አስጠርቶ፣ ሁለቱ ከመኪናዋ ሥር ተንበረከኩ።

ከምሳ በኋላ ሁሉም በአንድ ክፍል ተሰበሰቡ። ማሳቶ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠ፤ ጥፍሮቹ ውስጥ የጎመን ማሳው አፈር አለ።

«ከሬሳው አጠገብ ያለው ዱካ የሰፊና የረጅም ጎማ ነው» አለ ታካናሺ። «በመንደሩ እንዲህ ያለ ጎማ ያለው ኢዋሴ ነው።»

«ጎማ የሸመተ ሁሉ ነፍሰ ገዳይ ከሆነ መንደሩን በሙሉ እሰሩ!» አለ ኢዋሴ። «የኔ መኪና ማርሽ በእጅ የሚቀየር ነው፤ ደግሞም ካምቢዮዋ ተፈትቶ ከወረደ ሳምንት ሆኖታል።»

«አይቻለሁ። እማማ የሰሙት በራሱ የሚቀይር ካምቢዮ ነው። ረጅም ጎማ አንዴ ሲዞር ብዙ መንገድ ይሄዳል። ካምቢዮው ደግሞ የሚቆጥረው የጎማውን ዙር ነው፤ መኪናዋ እየፈጠነች እሱ ገና ዝግ ብላ የምትሄድ ይመስለዋል። ስለዚህ ማርሹን ዘግይቶ፣ ዛፉን አልፎ ይቀይራል። ዳገቱ ላይ ጉልበት ያንሰውና መልሶ ያወርዳል። እማማ፣ የሰሟት የራሳችሁ መኪና ናት፤ የሌላ ጎማ ተጫምታ። አቶ ማሳቶ ድሮ ግንድ ሲያመላልስ ይገጥማቸው የነበሩት ረዣዥም ጎማዎች ከዕቃ ቤቱ የሉም። ዛሬ ጠዋት ከግድቡ አውጥተናቸዋል።»

የእማማ ኪኑኤ ፊት አመድ መሰለ። «ሺሆ ጎማ መቀየር አትችልም!»

«እችላለሁ፣ አያቴ» አለች ሺሆ። «አትዋሺልኝ።»

«ትችላለች። ግን እሷ አይደለችም» አለ ታካናሺ። «ኢዋሴ፣ ንገራቸው።»

«ባለፈው እሑድ የበረዶ ጎማዎቹን የገጠምኩት እኔ ነኝ። እኩል እንዲያልቁ የፊቶቹን ወደ ኋላ፣ የኋላዎቹን ወደ ፊት አዛወርኳቸው። እያንከባለለች ያቀበለችኝ ሺሆ ናት።»

«ዛሬስ?»

ኢዋሴ ማሳቶን ላለማየት አንገቱን ደፋ። «ዛሬ በቸርኬው ውስጥ በጠመኔ እንደተጻፈው ናቸው። “ፊት” የሚለው ፊት፣ “ኋላ” የሚለው ኋላ። እኔ እንደገጠምኩት አይደለም።»

«ገዳዩ ረዣዥሞቹን ፈትቶ የበረዶዎቹን መልሶ ገጥሟል። ሺሆ ወይም ኢዋሴ ቢሆኑ ጠመኔውን አያምኑም ነበር። ያመነው መዛወሩን ያላወቀ ሰው ነው። እማማ፣ በፀደይ ጎማውን ሲያስቀምጥ የሚጽፍበት ማን ነው?»

እማማ ኪኑኤ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ጽሕፈቱን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው።

«አባባ» አለች ሺሆ። «እኔን ሲጠረጥሩኝ ዝም አልክ?»

«ዱካው ያንቺ ጎማ ስላልሆነ ነጻ ያወጣሻል ብዬ ነበር» አለ ማሳቶ። «ቀለሙን አላሰብኩትም። ትናንት ከማሳው ሆኜ ሆሳካ ወደ መንገዱ ሲወጣ አየሁት። ዘንድሮም ጎማውን አልቀየረም፤ በረዶው ወድቆ እያለ። የእኛን መኪና ጎማ ቀይሬ ስደርስበት ከመኪናው ወርዶ፣ ግድቡን እያየ ያፏጭ ነበር።»

«በአፌ ሸጥኩህ፣ ልጄ» አሉ እማማ ኪኑኤ። ለመነሳት ሞከሩ፤ ጉልበታቸው እምቢ አለ። «ኮትህን… በደንብ ሳትለብስ እንዳትወጣ፣ ውጭ ይበርዳል። ሺሆ፣ ኮቱን ስጪው! ምን ትጠብቂያለሽ?»

ሺሆ ኮቱን አነሳች፤ እጆቿ አሁን ይንቀጠቀጡ ነበር። ማሳቶ ኮቱን ሳይቀበላት ለእናቱ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። ከበሩ ሥር ጫማውን አጠለቀና፣ ከታካናሺ ፊት ፊት እየሄደ ወጣ።