የዑስማን ተራ

«ፓስወርድህን ስጠን ነው ያልኩህ፤ ኩላሊትህን አምጣ አላልኩህም!» አለ ኤልቃና።

«እኔ እነዳታለሁ። ተራዬ ነው።»

«ትናንት መኪናዋን ስንቴ ስፒን አደረግካት? እስቲ ቁጠርልኝ።»

ዑስማን አልቆጠረም። አራት ጊዜ ነበር። ሐምራዊት መሪው ፊት ያለው ወንበር ላይ ተቀምጣ ጓንቷን ታወልቃለች፤ መልሳ ታጠልቃለች። 

ሊልበርን፣ ኤልቃና ቤት፣ ቤዝመንት ውስጥ ናቸው። ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ሦስት ሰዓት የሚፈጀው የኦንላይን የመኪና ጌም ውድድር ሊጀመር ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል። የሊጉ ደንብ ግልጽ ነው፤ አንድ ቡድን ሦስት ሹፌሮች ይኖሩታል፤ እያንዳንዱም ቢያንስ አርባ ደቂቃ መንዳት አለበት። አንዱ ካልነዳ ቡድኑ ይሰረዛል። እስከ ስድስተኛ የወጡት ወደ ፍጻሜው ያልፋሉ።

ባለፈው ዓመት ይህ ደንብ አስቸግሯቸው አያውቅም። ያኔ ዑስማን የሚኖረው ከዚህ ቤት ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ ነበር፤ መኝታ ቤቱ ውስጥም የራሱ መሪና ፔዳል ነበረው። በሰመር ቤታቸው ተሸጠና ራቅ ያለው ደንዉዲ አፓርትመንት ገቡ። ከታች ያለው ጎረቤት ፔዳሉ በተረገጠ ቁጥር ጣሪያዬ ይንኳኳል ብሎ ለአፓርትመንቱ ቢሮ አመለከተ። ደብዳቤ መጣ። አባቱ መሪውን በካርቶን አሽጎ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተተው። ከዚያ ወዲህ ዑስማን የሚነዳው እህቱ ሱመያ እዚህ ስታመጣው ብቻ ነው።

ማክሰኞ ደግሞ አዲሷ ሃይብሪድ ጌሙ ውስጥ ገባች።

ሦስቱም ለወራት ሲጠብቋት ነበር። ለረጅም ሰዓት ውድድር የተሠራች፣ በቤንዚንም በባትሪም የምትሄድ መኪና ናት። ሊጉም የቅዳሜው ውድድር በእሷ ይሁን አለ። ፍሬን ሲያዝ ጉልበቱ ተመልሶ ባትሪውን ይሞላል። ታዲያ እንደ አሮጌዋ መኪና የፍሬን ፔዳሉን ባንዴ ከረገጡት የኋላ ጎማዎቿ ይያዙና ትሽከረከራለች። ቀደም ብሎ፣ በእርጋታ መርገጥ ትፈልጋለች። ኤልቃናና ሐምራዊት አራት ቀን ሙሉ ተለማመዷት። ዑስማን ትናንት ሱመያን ለምኖ መጥቶ ሁለት ሰዓት አገኘ።

«ብሮ፣ ስማኝ» አለ ኤልቃና ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሐምራዊት በአንተ አካውንት ሎግ ኢን ታደርጋለች። የሚወጣው ስም ያው ያንተ ነው። ካሜራ የለ፣ ምን የለ። ማን ያውቃል?»

«እኛ እናውቃለን» አለች ሐምራዊት።

«ኦኬ፣ አንቺ ንገሪው! እሱ ከነዳ ስንተኛ እንወጣለን?»

ሐምራዊት ጓንቷን አየች። «እኔ እንጃ» አለች። «አሥራ አምስተኛ… ምናልባት።»

ከሁሉም ይሄ አመመው። ኤልቃና ሲናደድ ያገኘውን ይናገራል፤ እሷ ግን ያላሰበችውን አትልም። ዑስማን ፓስወርዱን ፊደል በፊደል ነገራቸውና ሄዶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

ሐምራዊት የራሷን አንድ ሰዓት ነድታ ዘጠነኛ ላይ ሹፌር ወደሚቀየርበት ፒት ገባች። ከወንበሯ ሳትነሳ አካውንት ቀየረች። ስክሪኑ ላይ የእሷ ስም ጠፍቶ «ዑስማን» የሚል መጣ።

ስሙ በደረጃ ሰንጠረዡ ላይ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። ስምንተኛ። ሰባተኛ። ዑስማን መጀመሪያ ሳያስበው ደስ አለው፤ ኩርባ ሲመጣ ትከሻው አብሮ ያዘነብላል። ቀኝ እግሩም ከታች ያለውን ደረጃ በእርጋታ፣ ልክ እሷ እንደምትረግጠው ይረግጣል። ለካ እንዲህ ነው የምትያዘው! አሁን ገባው። አምስተኛ ሲሆኑ የሊጉ ኮሜንታተር በእንግሊዝኛ፣ ይሄ ዑስማን የሚባል ልጅ ዛሬ ፍሬን አያያዙ ልዩ ነው አለ።

«ሰማህ? ልዩ ነህ አሉህ!» ኤልቃና ሳቀ።

ዑስማን እግሩን ከደረጃው አነሳ።

የኤልቃና እናት ወይዘሮ ኤልፍነሽ የሆስፒታል የሥራ ልብሳቸውን ሳይቀይሩ ሁለት ሳህን ይዘው ወረዱ። «ሳንቡሳ ነው፣ ሳይበርድ ብሉ። ዑስማንዬ፣ ያንተ ይኸውልህ፣ የምስር። በሌላ ዘይት ነው የጠበስኩት፤ ከሥጋው ጋር አልተነካካም።»

«አመሰግናለሁ እትዬ።»

ወደ ላይ ሊመለሱ ሲሉ ስክሪኑን አዩ። «እንዴ፣ ዑስማን ይላል እኮ! አንተ እዚህ ነህ፤ እዚያ የሚነዳው ማነው?»

«ሪፕሌይ ነው፣ ማሚ» አለ ኤልቃና ሳይዞር።

«ምንድነው ሪፕሌይ?»

«በፊት የነዳው። ዝም ብለን እያየን ነው።»

ወይዘሮ ኤልፍነሽ መሪውን የምታዞረውን ሐምራዊትን አዩ። ከዚያ ወደ ዑስማን ዞሩ። «አንተን ነው የምጠይቀው። እሱንማ ወልጄዋለሁ፣ አውቀዋለሁ።»

ሳህኑ ጭኑ ላይ ይሞቃል። ሐምራዊት ከስክሪኑ ዓይኗን አላነሳችም፤ ጆሮዋ ግን ቀልቷል።

«አዎ እትዬ» አለ ዑስማን። «በፊት የነዳሁት ነው።»

«ጎበዝ! እንዲህ መንዳት ትችላለህ ለካ!» ራሱን ዳበስ አድርገውት ወጡ።

የመጨረሻው ሰዓት የኤልቃና ነበር። አንዴ ወደ ስድስተኛ ወረደ፣ መልሶ አምስተኛ ሆነ። ሩብ ሰዓት ሲቀር ከሊጉ መልእክት መጣ። ሐምራዊት አነበበችው፤ ውድድሩ እንዳለቀ ኮሜንታተሮቹ ዑስማንን በቀጥታ ማነጋገር ይፈልጋሉ።

«ኦ ማይ ጋድ! ኢንተርቪው!» ጮኸ ኤልቃና። «ድምፅህን ያውቁታል፣ ሌላ ሰው ባንተ ፈንታ ሊያወራ አይችልም። ሁለት ደቂቃ ነው፣ ብሮ። ሐምራዊት፣ የሚለውን ጻፊለት!»

ሐምራዊት ወረቀት ቀድዳ ጻፈች። ስትሰጠው ዓይኑን አላየችውም። «ብቻ… ይሄን በል» አለች።

ዑስማን ሁለት ጊዜ አነበበው። ፍሬኑን የት ቀድሞ እንደያዘ፣ ባትሪውን የት እንደቆጠበ፣ አምስተኛ ለመሆን የፊቱን መኪና በየትኛው ኩርባ እንዳለፈ ተጽፏል። ሁሉም ልክ ነው። ይህን ቢያነብ ማንም አይጠራጠረውም።

ሱመያ ቅርብ ያለ ሱፐርማርኬት ውስጥ ነበረች። «ነይ ውሰጂኝ» ብሎ ጻፈላት።

«አለቀ እንዴ?»

«ነይ በቃ።»

ወይዘሮ ኤልፍነሽ እንዳይከፋቸው አንዷን ሳንቡሳ በላ። ቀዝቅዛለች። ወረቀቱን አጥፎ ከሳህኑ ጎን አስቀመጠው።

ሐምራዊት አሁን ከኤልቃና ወንበር ጀርባ ቆማለች። «ቆጥብ፣ ባትሪውን ቆጥብ! ገና አራት ዙር አለህ!»

«አውቃለሁ! ከኋላዬ ማነው?»

«አትየው፣ ፊት ለፊትህን እይ!»

ዑስማን ጫማውን አደረገ። ጃኬቱን ከሶፋው ላይ ሲያነሳ ክንዱ የሐምራዊትን ጀርባ ነካ አደረገ፤ እሷም ከስክሪኑ ሳትዞር ወንበሩን ተጠግታ አሳለፈችው። በጓሮ በር ወጣና እንዳይጮኽ እጀታውን ይዞ ዘጋው።

ውጭ ያካፋል። ሱመያ ሞተሩን ሳታጠፋ ቤቱ ፊት ትጠብቀዋለች። ዑስማን ስልኩን አጠፋና መኪናው ውስጥ ገባ።